ውሃ ሲያጥር ቦሎቄን መቼ እናጠጣ፣ መቼ እንተወው?

በመቂ፣ በዝዋይና በአዳማ ዙሪያ በበጋ መስኖ ቦሎቄ የሚያመርት ሰው የውሃ እጥረት አያጣውም። ጉድጓዱ ይጎድላል፣ ነዳጅ ይወደዳል፣ የውሃ ተራው ይዘገያል። ያኔ ብዙዎች የሚያደርጉት በየዙሩ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ነው። ይህ በጣም ይጎዳል፤ ቦሎቄ በአንዳንድ ዕድሜው ጥማት ይችላል፣ በሌላው ግን ፈጽሞ አይችልም። እጥረቱን ለሚችልበት ዕድሜ ማድረግ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በሚጠቀምበት ስሌት መሠረት፣ ከአበባ በፊት ተክሉ ከሚፈልገው ውሃ 20 በመቶ ቢጎድልበት ምርቱ የሚቀንሰው 4 በመቶ ያህል ነው። ያው ጉድለት በአበባ ጊዜ ከሆነ 22 በመቶ፣ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ 15 በመቶ ይቀንሳል። ሲበስል ደግሞ እንደገና ወደ 4 ይወርዳል።

ምክንያቱ ተክሉ ውስጥ ነው። ሥሩ ውሃ ሲያጣ ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃ ይቆጥባል፣ ግን ምግብ መሥራቱም ይቀንሳል፤ ላቡ ስለሚቆም ቅጠሉ ይግላል። አበባ ላይ ያለ ተክል በዚህ ሁኔታ ሁሉንም መመገብ ስለማይችል አበባውንና ገና የተቋጠረውን ቆባ (የፍሬውን መያዣ) ያረግፋል። የረገፈ ቆባ በኋላ በሚመጣ ውሃ አይተካም። በድርቅ የተጎዳ ማሳ ላይ መጀመሪያ የሚያንሰው በአንድ ተክል ላይ ያለው የቆባ ብዛት መሆኑ ለዚህ ነው፤ የፍሬው ክብደት የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥር ላይ ያሉት ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ እባጮችም ከቅጠሉ ቀድመው ሥራ ያቆማሉ። አንድ ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አንስታችሁ እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አቁሟል። የታችኛው ቅጠል መገርጣት የጀመረው ውሃ ባጠረ ማግስት ከሆነ፣ ዩሪያ ከመጨመር በፊት ይህን እዩ።

አሁን ወደ ሥራው። በ90 ቀን የሚደርስ ዝርያ እንውሰድ፤ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር።

ከመዝራት በፊት መሬቱን እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ አጠጡና እርጥበቱ ለእርሻ ሲመች ዝሩ። ዘርቶ ማጠጣት አፈሩን ያጠነክርና ቡቃያው መውጣት ያቅተዋል። ከበቀለ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ውሃ አትስጡት፤ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ እስከ እንቡጥ ድረስ (35ኛው ቀን ገደማ) ቦዩን እያፈራረቁ ማጠጣት ይቻላል፦ በዚህ ዙር አንዱን ቦይ፣ በሚቀጥለው የተዘለለውን። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ጎኑ ይርሳል፤ በአንድ ዙር የሚገባው ውሃም ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አሸዋ በበዛበት መሬት ግን አይሆንም፣ ውሃው ወደ ጎን ሳይሄድ ወደ ታች ይሰርጋል። ቁጠባውም ወሰን አለው፤ አበባ ሲጀምር ቅጠሉ መሬቱን ካልሸፈነ አብዝታችኋል ማለት ነው።

ከእንቡጥ እስከ ፍሬ መሙላት፣ ከ35ኛው እስከ 75ኛው ቀን፣ ሁሉም ቦይ ሙሉ ውሃ ያግኝ። ቀላል አፈር በየ4 እስከ 5 ቀን፣ ከበድ ያለው በየ6 ቀን ገደማ ይፈልጋል። መጠኑን በሂሳብ እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በሩብ ሄክታር ላይ 2.5 ሜትር ኪዩብ ነው። ተክሉ በአንድ ዙር 30 ሚሊ ሜትር ቢያስፈልገው 75 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በቦይ ሲጠጣ ከሚለቀቀው 60 በመቶው ብቻ ሥር ይደርሳል ብንል፣ ከሞተሩ መውጣት ያለበት 125 ሜትር ኪዩብ ነው። የሞተራችሁን ጉልበት ለማወቅ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉበት፤ በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ይሰጣል፣ ሥራው 3 ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ውሃው ለሦስት ዙር ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ? አንዱን እንቡጥ ሲታይ፣ ሁለተኛውን አበባው ደምቆ የመጀመሪያው ቆባ ሲቋጠር፣ ሦስተኛውን ፍሬው ቆባውን መሙላት ሲጀምር ስጡ።

መቼ እንደተጠማ በቀን መቁጠሪያ ብቻ አትወስኑ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ማዞሩ የተለመደ መከላከያው ነው፣ አያስደነግጥም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይም ካልተመለሰና ቀለሙ ወደ ጠቆረ አረንጓዴ ከሄደ ውሃ ይፈልጋል። ጠዋት ጠውልጎ ከተገኘ ዘግይታችኋል። እርግጠኛ ለመሆን 25 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡ፤ እጅ ሲከፈት ወዲያው ከተበተነ ጊዜው ደርሷል።

የዘገየን ውሃ አንድ ላይ ለማካካስ ማጥለቅለቅ ሌላ ጥፋት ነው። ውሃ ለአንድ ቀን እንኳ ከተኛበት ሥሩ አየር ያጣል፣ የሥር አበስብስ በሽታም ይከተላል።

በጥቂት ውሃ ስናጠጣ ጨው ከሥር አካባቢ አይታጠብም፣ ቦሎቄ ደግሞ ጨው ከማይወዱት ሰብሎች አንዱ ነው። በስምጥ ሸለቆ የአንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ጨዋማ ስለሆነ፣ የመደቡ (በቦዮች መካከል ከፍ ያለው አፈር) አናት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ዘሩን ከአናቱ ዝቅ አድርጋችሁ በመደቡ ጎን ዝሩ፤ የቅድመ ዘር ውሃውንም አትቀንሱ።

የታችኞቹ ቆባዎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ውሃውን አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ውሃ ተክሉ እንደገና እንዲያብብ ያደርገዋል፤ እኩል አይደርስም፣ እንደ አዋሽ-1 ያለው ነጭ ፍሬም ቀለሙ ይበላሽና በገበያ ዋጋ ያጣል።