የቆየ ሰፈር ሲታደስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከተማ ማደግ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ያደግሁት ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ነው። «ሰፈሩ እንዳለ ይቅር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ «አንተ ኖረህበታል?» ማለት ያምረኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ግን እንባዬ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው በረንዳዎችና የእንጨት ደረጃዎች በቀናት ውስጥ አልነበሩም።

ሁለቱም ስሜቶች እውነት ናቸው። ማስታረቅም ይቻላል። ለዚህ ግን ደጋግመን የምንሠራቸውን አንዳንድ ስህተቶች መተው አለብን።

ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ማሰብ

ፋሲል ግቢ ይፍረስ የሚል ሰው የለም። አደጋው ያለው ስም ያልወጣለት ቤት ላይ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ሆነው ብዙ ቤት ሠሩ። ታችኛው ወለል ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃና እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ። ይህ ቅይጥ የከተማዋ የራሷ መልክ ነው። ቀለሙ ሲለቅና ቆርቆሮው ሲዝግ ግን «ደሳሳ» ይባላል። ከጎኑ ካሉት እውነተኛ ደሳሳዎች ጋር አብሮ ይጠረጋል።

ስለዚህ ዶዘር ከመግባቱ በፊት ቤት ለቤት የሚዞር፣ የሚለካ፣ ፎቶ የሚያነሳና ሽማግሌ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይሂድ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ውሳኔው ቀድሞ ያልቃል፤ ጥናቱ ይከተላል።

ታፔላ ከተለጠፈ ቤቱ ዳነ ብሎ መተኛት

በቅርስነት መመዝገብ መጀመሪያ ነው። በጀት፣ ጠባቂና ጠጋኝ ከሌለው የተመዘገበውም ቤት ዝናብ ይገባበታል።

የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን

ይህን ስህተት የሚሠሩት ቅን ሰዎች ናቸው። ቤቱ እንዲጠነክር ብለው ነው። ግን ጭቃና ኖራ ይተነፍሳሉ። ክረምት የጠጡትን ውሃ በጋ ላይ ያወጡታል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይደፍነዋል። ውሃው በመሠረቱ ወይም በጣሪያው በኩል መግባቱን አይተውም፤ መውጫ ግን አያገኝም። ልስኑ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ቅርፊቱ ሲወድቅ፣ ከኋላው ያለው ማገር በስብሶ በእጅ ይፈረፈራል። ያኔ «ቤቱ አርጅቶ ነው» ይባላል። የገደለው ግን ልስኑ ነው።

ጎንደርም ላይ ይኸው ደርሷል። የነገሥታቱ ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ሲጠግኗቸው ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት አስገቡበት። በኋላ በተሠራው ጥገና ያንን አንሥቶ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ከዘመናት በፊት የነበሩት ግንበኞች የመረጡት ለድንጋዩ የሚስማማውን ነበር።

የድሮ ቤት የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ቤት ከምን ተሠራ?» ብሎ ነው። የጭቃ ከሆነ፣ ከጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃና የኖራ ቀለም ይበቃዋል። ዋጋውም ይቀንሳል። ችግሩ ይህን ሥራ የሚያውቁት ባለሙያዎች እያረጁ መሄዳቸው ነው። ከእነሱ ሥር ወጣት ካላስቀመጥን፣ ነገ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ እጁ አይገኝም። ይሄ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

አዲስ ሕንፃ ሁሉ ለአካባቢ የሚበጅ ነው ብሎ ማመን

ፎቁ ላይ ሣር ተተክሏል፣ ፊት ለፊቱ ፏፏቴ አለ፤ ስለዚህ «አረንጓዴ» ይባላል። ሕንፃው የተሠራበት ሲሚንቶ ግን አይቆጠርም። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ ነው። የቆመ ሕንፃ ሲፈርስ፣ ዱሮ የወጣበት ጉልበትና ቁሳቁስ ፍርስራሽ ሆኖ ይጣላል። በቦታው ለሚቆመው ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይመረታል።

ሙቀቱንም እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ለቤት ይመቻል። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስና ጥላ የሚሰጥ በረንዳ ያለው ቤት ያለ ምንም ማሽን ቀዝቀዝ ይላል። ከጫፍ እስከ እግር በመስተዋት የተሸፈነው ሕንፃ ግን ከሰዓት በኋላ ይጋግራል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል። ጥላ መስጠት ያውቁ የነበሩ ሰዎች ከተማ ውስጥ እየኖርን ለፀሐይ መክፈላችን ያሳዝነኛል።

አንዱን ቤት አትርፎ ዙሪያውን መጣል

ቤቱ ቀረ፤ ጥሩ። ከጎኑ ግን ሁለት ፎቅ ወደ ምድር የሚወርድ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ በየጊዜው አስፋልት ሲደረብበት ከፍ ይላል፤ የቤቱ ደጃፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወደ ሳሎን ይገባል። ማንም ቤቱን አልነካውም፤ ግን እየሞተ ነው።

ጀርመን ውስጥ ያለችው ድሬስደን ከተማ የኤልበ ወንዝ ሸለቆዋ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦላት ነበር። በሸለቆው መካከል ትልቅ የመኪና ድልድይ ለመሥራት ወሰነች። በ2009 ሸለቆው ከመዝገቡ ተሰረዘ። የተመዘገበው እኮ መልክዓ ምድሩና ሕንፃዎቹ አብረው ነበር። የሕንፃ ከፍታ፣ የውሃ መውረጃና ከሩቅ የሚታየው ገጽታ ከቤቱ ጋር አንድ ላይ መታቀድ አለባቸው።

ቤቱን ጠብቆ ሰውን ማስወጣት

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ በግንቧ ውስጥ ያሉት 82 መስጊዶች ብዙ ተወርቶላቸዋል። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ የሐረሪ ቤት ነው። ሳሎኑ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ በሥርዓት ይሰቀላል። ይህ ሥርዓት የሚኖረው ቤተሰብ ሲኖርበት፣ ሠርግና ለቅሶ ሲስተናገድበት፣ አፎቻው፣ ማለትም የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ ሲሰበሰብበት ነው። ነዋሪው ወጥቶ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ብቻ ቢሆን ግድግዳው ይቀራል፤ ሥርዓቱ ግን ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል።

አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። የቆዩት ሰፈሮች የተመሠረቱት በመኳንንት ግቢ ዙሪያ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ባለ ጸጋውና ድሃው በአንድ አጥር ይዋሰኑ ነበር። ዛሬ የከተማ ዕቅድ ባለሙያዎች «የገቢ መጠናቸው የተለያየ ሰዎች አንድ ላይ ይኑሩ፤ ሱቁና መኖሪያው ይቀራረብ» ይላሉ። እኛ ጋ ነበረ። ነዋሪው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲበተን እድሩ ይፈርሳል፣ እቁቡ ይቋረጣል። በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረው ታክሲ ወረፋ ይቆማል።

መፍትሔው ሽንት ቤቱን፣ ውሃውንና ፍሳሹን እዚያው ማሻሻል ነው። ቦታ ከጠበበ ከጓሮ በኩል ከፍታው የተመጠነ አዲስ ሕንፃ መጨመር ይቻላል። የሚፈርስ ካለም፣ ለነዋሪው እዚያው ሰፈር ውስጥ ቤት መስጠት ነው።

ሁሉን ሙዚየም ማድረግ

የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ ተገቢ ነው። ግን መቶ ሙዚየም አያስፈልገንም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ትውልድ ተምሮበታል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውና በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። አሁንም ስብሰባ ይካሄድበታል። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋትም በቦታው አለ። ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ መዋዕለ ሕፃናት፤ ሥራ ያለው ቤት ጠጋኝ አያጣም።

ሥራ ሲሰጠው ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን መቀየርና እሳት ማጥፊያ ማስገባት አይረሳ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ የእንጨት ሕንፃ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሄድ አይተናል።

ችላ ብሎ ቆይቶ «አርጅቷል» ማለት

ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ብዙዎቹ በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር፤ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይጠገንም። ተከራዩ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል። ቢጠግንም ነገ ውጣ ላለመባሉ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ማንም አልነካውም። ለአሥርት ዓመታት ያልተነካ ቤት ጎብጦ ሲታይ፣ ጥፋቱ የቤቱ ይመስላል።

ነዋሪው ዋስትና ይሰጠው፤ ለጥገና አነስተኛ ብድር ይመቻችለት፤ ፈቃዱም በቀናት ይለቅ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከባድ አይደለም። ግንቦት ላይ መሰላል አቁሞ አሸንዳውን መጥረግ፣ የተነቀለ ቆርቆሮ መምታት፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ማንሣት፣ ውሃው ከመሠረቱ የሚርቅበትን ቦይ መክፈት። በዓመት አንድ ቅዳሜ ይበቃል።