ጋሻ ይዞ መጎዳት፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጋሻ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክብ ቆዳ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን አንድ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ስንቱን ጋሻ ያልፋል! የበያጁ ማስክ አለ። ራጅ ክፍል የተሰቀለው የእርሳስ ሽርጥ አለ። ዲሽ ኬብል ውስጥ የተጎነጎነው ሽቦ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የቆመው ግንብም ጋሻ ነው። እያንዳንዱ የሚመክተው ግን አንድ የተወሰነ ነገር ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጋሻው መኖሩን አይተን ከምን እንደሚመክት ሳንጠይቅ ስንቀር ነው።

በፀሐይ መነጽር መበየድ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ድሬ ላይ ብየዳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ደጅ ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ረዳቱ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። በያጁ ደግሞ «ለአንዲት ነጥብ ምን ማስክ ያስፈልጋል» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይነካዋል። ዓይን የሚጨፈነው ግን ብልጭታው ከገባ በኋላ ነው።

የብየዳ ብርሃን ዓይን የሚመታው በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ክፋቱ ወዲያው አያሳውቅም። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይነሳበታል። እንባው ይወርዳል፣ አምፖል ማየት ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። በየሳምንቱ ማስመታት ግን ሌላ ነገር ነው። ወተት አንጠብጥቡበት፣ ድንች ለጥፉበት የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም፤ የቆሰለ ዓይን ውስጥ ንጹሕነቱ ያልታወቀ ነገር መጨመር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ገዝቶ ቤት ውስጥ ደጋግሞ መጠቀምም እንዲሁ ነው። ሕመሙን ይደብቃል፣ መዳኑን ያዘገያል። ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

የፀሐይ መነጽር፣ ጥሩ የሚባለው እንኳ፣ የተሠራው ለፀሐይ ነው። ጥቁረቱ ለብየዳ አይበቃም፣ ጎኑም ክፍት ነው፣ ፊትና አንገትን አይሸፍንም። የብየዳ መስታወት ቁጥር አለው። በኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 160 አምፒር ባለው ሥራ፣ ማለትም በተለመደው የበርና የመስኮት ብየዳ፣ 10 ቁጥር ይመከራል። አምፒሩ ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል። መስታወት ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። «ጥቁር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ማስክ ያደረገውም ቢሆን ጨረሩ ከነጭ ግድግዳና ከአሉሚኒየም ተንጸባርቆ ከጀርባ እንደሚገባ ይረሳል። አላፊ አግዳሚውማ የሚያስብለት የለም። አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ጥቁር ሸራ መንገድ በኩል ማቆም ስንት ሕፃን ያድናል መሰላችሁ።

ፋኑን ብየዳው ላይ ማዞር

ብየዳ ሌላም ጋሻ አለው፤ ይሄኛው አይታይም። የቀለጠ ብረት አየር ሲነካው ይበላሻል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ሽፋን ሲቃጠል ጋዝ ያወጣና የቀለጠውን ብረት ይከልለዋል። በሽቦ የሚበይዱት ማሽኖች ደግሞ ከሲሊንደር አርጎን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የድሬ ሙቀት ይታወቃል፤ በያጁ ፋኑን ወደ ራሱ ቢያዞር አይፈረድበትም። ፋኑ በቀጥታ ሥራው ላይ ሲነፍስ ግን ጋዙን ይዞት ይሄዳል። ብየዳው በትንንሽ ቀዳዳ ይሞላል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም፣ በሩ ከዓመት በኋላ ሲገነጠል «ብረቱ ርካሽ ነው» ይባላል። ፋኑ ከጀርባ ወይም ከጎን፣ ጭሱን ከፊት ላይ ብቻ እንዲገፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በተለይ የሲሊንደር ጋዝ የምትጠቀሙ።

ስለ ግራይንደር አጭር ቃል፦ ነጩ የፊት መሸፈኛ ብልጭታና ስብርባሪ ይመልሳል፣ የብየዳ ብርሃን ግን አይቀንስም። ከሥሩም የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። ስብርባሪ ከታች በኩል ይገባልና።

ዲሽ ኬብል ላይ የተጎነጎነውን ሽቦ እንደ ትርፍ ማየት

የዲሽ ኬብል ስትልጡ ከላስቲኩ ሥር ቀጫጭን የተጎነጎነ ሽቦ ታገኛላችሁ። ከሱ ሥር ብዙ ጊዜ ስስ ፎይል አለ። ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ወፈር ያለ ሽቦ። የተጎነጎነው የኬብሉ ጋሻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ መሃለኛው ላይ እንዳይደርስ ይከላከላል፣ የኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድም እሱ ነው። ሰው ግን ቆርጦ ይጥለዋል ወይም እንደነገሩ ጠምዝዞ ኮኔክተሩን ይጭንበታል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ አምልጣ መሃለኛውን ከነካች ሾርት ነው። ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ወደ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ሳህኑ ፊት ወዳለው መቀበያ፣ 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ ሪሲቨሩን ራሱን ሊጎዳው ይችላል። «ሲግናል የለም» ተብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ከማንቀሳቀስ በፊት ኮኔክተሩን ፈትቶ ማየት ነው። በጣም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ራጅ ስንነሳ በእርሳስ ካልተሸፈንኩ ብሎ መከራከር

ይሄ ላይ የኔ ሐሳብ ከብዙ ሰው ይለያል። የእርሳስ ሽርጡ ለዓመታት ለታካሚው ሁሉ ሲደረግ ስለኖረ ያላደረገ ባለሙያ ቸልተኛ ይመስለናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር የታካሚን የመራቢያ አካልና ፅንስን እንደ ልማድ መሸፈን እንዲቀር መክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዛሬ ማሽኖች ጨረር ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ሽርጡ ደግሞ መታየት ያለበትን ቦታ ሊጋርድና ራጁ እንደገና እንዲነሳ ሊያስገድድ ይችላል። ይባስ ብሎ ጨረሩን ራሱ የሚመጥን ማሽን እርሳሱ መለኪያው ላይ ካረፈ «አልበቃም» ብሎ ይጨምራል። ልትከላከሉበት ያላችሁት ነገር ይበዛል ማለት ነው።

ሕፃን ይዛ ራጅ ክፍል የምትቆም እናት ግን ትልበስ። ባለሙያው ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል ስለሆነ የሱም ጉዳይ ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምትጠረጥር ሴት ደግሞ ከመግባቷ በፊት ትናገር፤ ከሽርጡ ይልቅ የሚጠቅማት እሱ ነው። አንድ ነገር ለጤና ተቋማት፦ ሽርጡን አጥፎ ወንበር ላይ መጣል ውስጡ ያለውን እርሳስ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። መሰቀል አለበት።

«አድዋ በጦርና በጋሻ ብቻ»

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ይሄን እንሰማለን። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ግን ግማሽ ታሪክ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴም ነበር። ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘማች ጠመንጃ ይዞ ነበር፣ መድፍም ነበር። ያ ሁሉ ጠመንጃ ከሰማይ አልወረደም። ትልቁ መንገድ ከታጁራና ከኦቦክ ወደብ ወደ መሃል አገር የሚመጣው የግመል ቅፍለት ነበር። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ራሱ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ መጥቶ ለምኒልክ ሸጧል፤ ከዚያ በኋላ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ይዟል። በዚያው ዓመት ጨለንቆ ላይ ድል የሆነችው ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ አገረ ገዥነቱም ለመኮንን፣ ኋላ ራስ መኮንን ለተባሉት፣ ተሰጠ። አድዋ የዘመተውን የሐረርጌ ጦር የመሩትም እሳቸው ናቸው። «በጋሻ ብቻ» ስንል ድሉን ከፍ ያደረግን ይመስለናል። እኔ ግን ዓመታት የፈጀውን የመሣሪያ ግዢና የዲፕሎማሲ ሥራ የምናቃልል ይመስለኛል።

የቆዳ ጋሻ ጥይት አይመልስም። የተሠራው ለጦርና ለጎራዴ ነው። በኋለኛው ዘመን በብር ጌጥ የተለበጠው፣ ከፈይ የለበሰው ጋሻ ከመመከት ይልቅ ማዕረግ ይናገር ነበር። ጌታው አልፎ አልፎ ራሱ አይዘውም፣ ጋሻ ጃግሬው ይይዝለት ነበር። ዛሬ ቃሉን ለስድብ አደረግነው እንጂ ሥራው የታወቀ ሥራ ነበር።

የአያት ጋሻ ቤታችሁ ካለ፣ ለሰርግ ፎቶ ብላችሁ ቅቤ ወይም ዘይት አትቀቡት። ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆዳውንም ያጠቁረዋል። በእርጥብ ጨርቅም አይወለወልም። የብሩን ጌጥ በብረት ሽቦ የሚፈገፍጉ አሉ፤ ጌጡ ራሱ ተልጦ ይወጣል። በደረቀ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። በአሮጌ ማንገቻው አትስቀሉት፣ ይበጠሳል። ፌስታል ውስጥ አሽጎ ማስቀመጥም እርጥበት ያፍናል። ብል እንዳይገባበት ግን በየጊዜው ገልብጣችሁ እዩት።

ስሙ ጋሻ የሆነ ሁሉ

ድሮ መሬት በጋሻ ይለካ ነበር። በድሮ ወረቀት ላይ «አንድ ጋሻ» የሚል ያገኘ ሰው በካልኩሌተር 40 ሄክታር ብሎ ይደመድማል። 40 ግምት ነው፤ ልኩ እንደ ቦታው ይለያይ ነበር። ኤርታሌም ጋሻ እሳተ ገሞራ ይባላል። እንደ ሾጣጣ ተራራ አትጠብቁት። ቀጭን ሆኖ የሚፈሰው ላቫ ርቆ እየሄደ ስለሚረጋ ዝርግ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ። ማንንም አይመክትም፣ መልኩ ነው ስሙን ያሰጠው።

ግንብ ስላለ ደቻቱ ላይ መዝናናት

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ግንብ ወንዙን በመስመሩ ለመያዝ ይጠቅማል። አሸዋው ላይ የቆመውን መኪና፣ የተዘረጋውን ሸቀጥና እዚያ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ግን አይከላከልም፤ እነሱ ከግንቡ ውስጥ ናቸው። ቆሻሻና የግንባታ ፍርስራሽ ሲደፋበት ደግሞ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ግንቡ በዚያው ልክ ያጥራል።

ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል እንግዳ አያምንም። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ክረምት ላይ የከተማው ሰማይ ጠርቶ ወደ ደጋው፣ ወደ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ፣ መኪናችሁንም ዕቃችሁንም ከአሸዋው ላይ አንሱ።