«ምንም አልነካሁም፣ ግን ተሰበረ»፦ የጋራ ፓኬጅ ችግርና መፍትሄ

ክረምት ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ገና አላባራም። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ስልክ ጮኸ። ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ የገበሬዎች ማህበር ሒሳብ የምትይዝ ልጅ ናት።

«ወንድሜ፣ አባሎቻችን ጠፉ» አለችኝ።

«እንዴት ጠፉ?»

«ሲስተሙ አላውቃቸውም ይላል። ኃይሉ ብዬ ስፈልግ የለም። ዓለሙም የለም። ሠረቀብርሃንን ደግሞ ደረሰኝ ላይ በእሳቱ ሰ ጻፈው። ሰውዬው ሌባ አላችሁኝ ብሎ ደጃፍ ላይ ቆሟል።»

ጥፋቱ የኔ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ አንዲት ትንሽ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው ሲስተማቸው ውስጥ የሚያስገቧትን ዝግጁ ኮድ፣ እጠብቃለሁ። ሥራዋ ሁለት ነው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደኛ ትቀይራለች፤ የአማርኛ ጽሑፍን ደግሞ ለፍለጋ ታዘጋጃለች። ዋዜማውን ማታ 1.4.3 የሚል ቨርዥን ለቅቄ ተኝቻለሁ። የማህበሩ ሲስተም ማንንም ሳይጠይቅ ወሰደው። ልጅቷ እኔ መኖሬንም አታውቅም፤ ሲስተሙን የሠራላቸው ልጅ ነው ስልኬን የሰጣት።

ከዚያ ወዲህ ምልክቶቹን ከነመንስኤያቸው መጻፍ ጀመርኩ። እነሆ።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ አይሠራም፣ ኮዱን ማንም አልነካውም

መንስኤው ብዙ ጊዜ የቨርዥን አጻጻፍ ነው። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች የሚወርዱበት የጋራ ማከማቻ) ላይ ፓኬጅ ስትጭኑ ከቁጥሩ ፊት ባርኔጣ የምትመስል ምልክት (^) ትቀመጣለች። «1.4.2ን ወይም ከዚያ በላይ የወጣውን አምጣ፣ 2.0.0 ላይ ግን አትድረስ» ማለቷ ነው። እናንተ ባትነኩትም ከላይ ያለው ሰው ነክቶታል። እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ላይ የደፈረሰ ውሃ ታች ማሳ ድረስ ይወርዳል።

መፍትሄው ሎክ ፋይሉን፣ ማለትም የተጫነው ፓኬጅ ሁሉ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ጊት (የኮዱ ታሪክ የሚቀመጥበት) ውስጥ ማስገባት ነው። «ትልቅ ነው፣ ኮድ ስናይ ያስቸግራል» ብለው የሚያስወጡት ልጆች አውቃለሁ። አታስወጡት። ሰርቨር ላይ ደግሞ በ«ኢንስቶል» ፋንታ «ሲአይ» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ። እሱ ሎክ ፋይሉ ላይ የሰፈረውን ብቻ ይጭናል፤ ሎክ ፋይሉ ከፓኬጅ ዝርዝሩ ጋር ካልተስማማ ቆሞ ይጮኻል። ኔት በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ አንዴ የወረደው ካሽ (ኮምፒውተሩ ያስቀረው ቅጂ) ውስጥ ካለ ያለ ኔት መጫን ይቻላል። እኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሜንቴይነር፣ ማለትም እንደኔ ፓኬጅ የምትጠብቁ፣ ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የናንተ ሎክ ፋይል ተጠቃሚውን አይጠብቀውም፣ ከፓኬጁ ጋር አይታተምም። እናንተ ጋ አረንጓዴ የሆነው፣ ማለትም ያለፈው፣ ቴስት (ኮድን የሚፈትን ኮድ) የሮጠው በድሮዎቹ ዲፔንደንሲዎች (ፓኬጃችሁ በተደገፈባቸው ሌሎች ፓኬጆች) ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሎክ ፋይሉን ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ዛሬ የሚገኘውን አዲስ ሁሉ ጭናችሁ ቴስቱን አስሩጡት።

ምልክት፦ «ትንሽ ጥገና» ነበር የተለቀቀው፣ የሰው ዳታ ግን ተዛባ

ይህ የዚያ ቅዳሜ ጉድ ነው።

አማርኛ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል። ለፍለጋ ሲባል ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ያስፈልጋል። ፓኬጄ ይህን ትችል ነበር፤ ግን የፈለገ ሰው ራሱ ነበር የሚያበራው። አንድ አስተዋጽኦ አድራጊ «ለምን ሳይጠየቅ በራሱ አይበራም?» ብሎ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ተቀበለኝ የሚል ጥያቄ ከነኮዱ) ላከ። አየሁት፣ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ። የመጨረሻዋን ቁጥር ከ2 ወደ 3 አንቀሳቅሼ ለቀቅኩት።

የማህበሩ ሲስተም ስሞቹን ያስቀመጠው በድሮው መልክ ነው። ፍለጋው ግን አሁን «ኃይሉ»ን «ሀይሉ» አድርጎ ይሄዳል። የት ይገናኛሉ? ይባስ ብሎ ደረሰኙም በዚያው ፋንክሽን (ፊደል በሚቀይረው የኮድ ክፍል) ነበር የሚያልፈው። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ጮራ ፈነጠቀ ነው። ሰረቀ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎጃም ላይ ደግሞ በፊደል ቀልድ የለም። የቅኔ አገር ነው፤ አንዲት ፊደል ሰምና ወርቁን ትገለብጣለች።

መንስኤው የኮድ ስህተት አልነበረም፤ ኮዱ የታሰበውን በትክክል ሠርቷል። ስህተቱ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የፓኬጁን ባህርይ ቀይሬ «ጥገና» ብዬ ጠራሁት። ፓኬጅ ሠሪዎች በቨርዥን ቁጥር ላይ ባላቸው ስምምነት መሠረት ሦስተኛዋ ቁጥር ለጥገና፣ መካከለኛዋ የቀድሞውን ለማይነካ ጭማሪ፣ የመጀመሪያዋ የሰውን ኮድ ለሚሰብር ለውጥ ናት። ይህ የመጀመሪያዋን የሚያንቀሳቅስ ነበር። ሁለተኛ፣ ቴስቶቹን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፈተናውን ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ ተፈትኜ፣ ራሴ አርሜ መቶ ከመቶ ሰጠሁ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ደሙን አቁሙ። ልክ እንደ 1.4.2 የሚሠራ 1.4.4 በአንድ ሰዓት ውስጥ አወጣሁ። ባርኔጣዋ እዚህ ላይ ጠቀመችኝ፤ ጉዱን ያመጣችው እሷ፣ መድኃኒቱንም ያደረሰችው እሷ። 1.4.3ን ደግሞ «አትጠቀሙበት፣ ስም ያዛባል፣ 1.4.4ን ውሰዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፍኩበት። አላጠፋሁትም። የተለቀቀን ቨርዥን መሰረዝ ሌላ እሳት ይጭራል፤ ሎክ ፋይሉ እሱን የያዘ ሰው ሁሉ መጫን ያቅተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ስላነሳት እነ ባቤልን የመሳሰሉ ግዙፍ ፕሮጀክቶች መጫን አቅቷቸው ነበር። ኤንፒኤም መሰረዝን በሕግ ያጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲሱን ባህርይ በሌላ ስም፣ በሌላ ፋንክሽን፣ በ2.0.0 አወጣሁት። ሕጉም አንድ ሆነ፦ ፊደል የሚቀየረው ሁለት ስሞች ሲነጻጸሩ ብቻ ነው፤ ያኔም ከሁለቱም ወገን። የተቀመጠ ወይም የሚታተም ጽሑፍ አይነካም።

ቴስቱስ? እዚህ ላይ ነው አስተሳሰቤ የተቀየረው። የጋራ ፓኬጅ በራሱ ቴስት ብቻ አይፈተንም፤ በሚጠቀሙት ሰዎች ቴስትም መፈተን አለበት። ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ ኮምፓይለር (ኮዱን ማሽን ወደሚገባው የሚቀይር) ከመልቀቁ በፊት ክሬተር በሚባል መሣሪያ የሕዝቡን ፓኬጆች በአሮጌውና በአዲሱ ይሞክራል፣ ምን እንደሚሰበርም ያያል። ዴቢያን የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም አንድ ፓኬጅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከማለፉ በፊት በእሱ ላይ የተደገፉትን ፓኬጆች ቴስት ያስሮጣል። እኔ ያን ያህል ማሽን ከየት አመጣለሁ? ግን ጊትሃብ (ሰው ኮዱን የሚያጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ፓኬጄን የሚጠቀሙ ሦስት ክፍት ፕሮጀክቶች አገኘሁ። ከመልቀቄ በፊት አወርዳቸዋለሁ፣ አዲሱን አስገባባቸዋለሁ፣ የራሳቸውን ቴስት አስሮጣለሁ። የፍኖተ ሰላሟን ልጅም ለመንኳት። የአባት ስም ሳይኖርበት ሃያ የሚያስቸግሩ ስሞች ላከችልኝ። ዛሬ ቴስቱ ውስጥ ናቸው፤ ሠረቀብርሃን አንደኛ ነው።

ስለ ኃላፊነት ትጠይቁኝ ይሆናል። ፓኬጄ በኤምአይቲ ፈቃድ ነው የወጣችው። እሱ ደግሞ «እንዳለ ውሰድ፣ ዋስትና የለም» ይላል። ከፍርድ ቤት ያድነኛል። ደጃፍ ከቆመው ሰውዬ ግን አያድነኝም። በዚያው ልክ፣ የገንዘብ ሲስተም ላይ ሳይሞክር አዲስ ቨርዥን የሚያስገባም ከነገሩ ንጹህ አይደለም። ለሦስት መስመር ሥራ ፓኬጅ የሚጎትተውን ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው የምለው።

ምልክት፦ ቀኑ አልፎ አልፎ ብቻ በአንድ ይሳሳታል

እንዲህ ያለው ከሁሉም ያናድዳል፤ ሦስት ዓመት ሠርቶ በአራተኛው ነው የሚያዋርዳችሁ።

መንስኤው መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ብሎ ኮድ ውስጥ መቸከል ነው። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች። ለኮድ ሲሆን፣ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከተረፈ ማለት ነው። 2015 እንዲህ ነበር። ጳጉሜ 6 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ላይ ዋለች፤ የ2016 መስከረም 1ም ወደ 12 ተገፋች። ቴስቱ በሌሎቹ ዓመታት ብቻ ከተጻፈ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል።

የመፍትሄው ግማሽ የዙር ቴስት ነው። ከ1800 እስከ 2200 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሩ፣ መልሳችሁ ወደኛ አምጡ፣ ያው ቀን መሆኑን እዩ። ከ146 ሺህ ቀን በላይ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ምንም አይደለም። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። መሄጃውም መመለሻውም በአንድ ዓይነት ከተሳሳቱ ዙሩ ይገጥማል። ሁለት ውሸታሞች ተስማምተው መሰከሩ እንደማለት ነው።

ሌላው ግማሽ እውነታቸው የታወቀ ቀኖች ሰንጠረዥ ነው። የምወደው ዓድዋ ነው። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23፣ 1888 ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1፣ 1896። በዓሉን ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ለምን? ፈረንጆቹ 1900ን ሠግር ዓመት አላደረጉትም፣ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ እንጨምራለን፤ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ የሚጎትት ኮድ ዓድዋን ማርች 2 ይላታል። በ2100ም ያው ይደገማል፤ የኛ 2093 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ያኔ ማናችን እንኖራለን አትበሉ፤ የረጅም ጊዜ ውል ቀድሞ ይደርስበታል።

ምልክት፦ እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ እነሱ ጋ አይሠራም

እኔን ሁለት ነገር አጋጥሞኛል። አንዱ ሰዓት ነው። ባሕር ዳር እኩለ ሌሊት ሲሆን በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የትናንቱ 21 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ ከቆጠረ የዛሬን ደረሰኝ የትናንት ያደርገዋል። ቴስቱን በአዲስ አበባ፣ በዩቲሲ እና በሎስ አንጀለስ ሰዓት ሦስት ጊዜ አስሩጡት።

ሌላው፣ ቴስቱ የሚፈትነው ፎልደራችሁን እንጂ የታተመውን ፓኬጅ አለመሆኑ ነው። አንዴ የፊደል ሰንጠረዡ ፋይል ሳይታተም ቀርቶ፣ እኔ ጋ ሁሉ አረንጓዴ፣ ሰው ጋ ሁሉ ቀይ ሆኖ ነበር። «ፓክ» በሚለው ትዕዛዝ ፓኬጁን ጠቅልሉት፣ ባዶ ፎልደር ውስጥ ጫኑት፣ ከዚያ ጥሩት። ሁለት ደቂቃ ነው።

ምልክት፦ ቴስቱ ይወድቃል፣ ድጋሚ ሲሮጥ ያልፋል

«ድጋሚ አስሩጥ» የምትለውን ቁልፍ አትንኳት። ቴስቱ የዛሬን ቀን ወይም ኔትን እያየ ይሆናል። ሰዓቱን ከውጭ እንደ ግብዓት ስጡት። የማይጠገን ከሆነ አውጡት።

ምልክት፦ ፓኬጁ ላይ አንድ የደከመ ሰው ብቻ አለ

2024 እ.ኤ.አ. ማርች ላይ ኤክስዜድ የተባለ፣ ሊኑክስ ላይ በየቦታው ያለ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የጓሮ በር (ሰርጎ ለመግባት የተደበቀ ኮድ) ተገኘ። ያስገባው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝ የነበረና አመኔታ ያገኘ «አጋዥ» ነው። የመጀመሪያው ሜንቴይነር ብቻውን ነበር፤ ደክሞት ነበር፤ ሥልጣን አካፍል የሚል ግፊትም ነበረበት። ከሁሉም የሚገርመኝ የተደበቀበት ቦታ ነው፦ የቴስት ፋይሎች ውስጥ። የቴስት ፋይል ማን ገልጦ ያያል? ፈትቶ የሚያወጣው ስክሪፕት ደግሞ ጊቱ ላይ አልነበረም፤ የተለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው የነበረው። የተያዘውም አንድ መሐንዲስ የሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ስለዘገየበት ነው።

ባህላዊ መስኖ ላይ የውሃ አባት አለ። ተራ የሚያወጣ፣ ቦዩ ሲደፈን ሰው የሚጠራ። ግን ብቻውን ቦይ አይጠርግም፣ ተጠቃሚው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። ፓኬጅም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ሳያይ ምንም አይለቀቅ። ጥቅሉ ከጊቱ በአውቶማቲክ ይሠራ፣ ከማንም ላፕቶፕ አይውጣ። መግቢያው በሁለት ደረጃ ይቆለፍ። አዲስ ሰው ቁልፍ ከማግኘቱ በፊት ሌላው የጻፈውን ሲያርም ይታይ። ጊዜ ካጣችሁ ደግሞ «ይህ ፓኬጅ ቆሟል» ብላችሁ ጻፉ። ከዝምታ ይሻላል።

እኔም አሁን ብቻዬን አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ልጅ አብሮኝ ይጠብቃል፤ ነገረኛ ነው፣ ለዚሁ ነው የወደድኩት። ባለፈው ሐሙስ የወር ሰሌዳ የምታወጣ አዲስ ፋንክሽን ጨምሬ 2.1.0ን ልለቅ ስል አቆመኝ።

«ለ2019 ጳጉሜ ስንት ቀን ትሰጣታለች?» አለ።

«ያው 6 ነዋ።»

«አይተሃል?»

አስሮጥኳት። 5 ሰጠቻት።