የካራካላን መታጠቢያ ፍርስራሽ እንዴት እንጎብኝ?

ሮም የሚሄድ ሰው ኮሎሲየምን አይቶ ይመለሳል። እኔ ግን ግማሽ ቀን ለካራካላ መታጠቢያ፣ ለጥንቶቹ ሮማውያን ግዙፍ የሕዝብ መታጠቢያ፣ ስጡ እላለሁ።

በሜትሮ ቢ መስመር ሄዳችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱና በእግር ቀጥሉ። ታክሲ አትያዙ፤ መንገዱ ራሱ መታየት አለበት። የአክሱም ሐውልት ለዓመታት የቆመው እዚያው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ አጠገብ ባለው አደባባይ ነበር። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በሐውልቱ በኩል አልፏል። የዚያ ኦሎምፒክ የጂምናስቲክ ውድድርም የተካሄደው በዚሁ ፍርስራሽ ውስጥ ነው።

ኮፍያና ውሃ ያዙ፤ ጣሪያ የለም።

ዋናው ችግር ከገባችሁ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከ30 ሜትር በላይ የቆሙትን ግንቦች አይቼ ተደነቅሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ በግማሽ ሰዓት ወጣሁ። ሙቅ ውሃው የት እንደነበር እንኳ አላወቅሁም። በጣም ቆጨኝ። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን እንደ ጥንቱ ታጣቢ በተራ ሄድኩ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ከስፖርት ሜዳው ጀምሩ። ወለሉ ላይ የጥንቱ ሞዛይክ አሁንም አለ። ሕንፃው ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን ወገን በደንብ ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሙቁ ክፍል እለፉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ክብ አዳራሽ ፈርሶ የቀሩት ጥቂት ምሰሶዎች ናቸው። ወደዚያ አቅጣጫ የተሠራው የከሰዓት ፀሐይ እንዲያገኝ ነው። ውሃው እንደ ፍልውሃ ከመሬት የሚፈልቅ አልነበረም። ከሩቅ በቦይ ይመጣና በእሳት ይሞቃል። ወለሉ በአጫጭር የጡብ እግሮች ላይ ስለተነጠፈ የእሳቱ ትኩስ አየር ከሥሩ ያልፍና በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። እሳቱን ከመሬት በታች ሆነው የሚያነዱት ባሪያዎች ነበሩ። ምሰሶዎቹ መሃል ቆማችሁ ይህን አስቡ።

ከዚያ ለብ ያለውን ክፍል አልፋችሁ መሃል ወዳለው ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ በመጨረሻም ወደ መዋኛው ሂዱ። መዋኛው ያኔም ጣሪያ አልነበረውም።

ቦታው እ.ኤ.አ. በ216 ተከፍቶ እስከ 537 ሠርቷል። ጎቶች የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ሮምን ከበው የውሃ ቦዮቹን ሲቆርጡ ቆመ። መታጠቢያውን ያስጌጡ የነበሩትን ግዙፍ ሐውልቶች እዚያ አትፈልጉ፤ የታወቁትን ለማየት ኔፕልስ ሙዚየም መሄድ አለባችሁ።