«ይጥለኛል» ማለት ብቻ አይበቃም፦ ስለሚጥል በሽታ የታመነ መረጃ በአሜሪካ ለምትፈልጉ

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ምን እንደሚያመው ሲጠየቅ «አልፎ አልፎ ይጥለኛል» አለ። በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ወስዶ «አንዳንድ ጊዜ ይወድቃል» ብሎ አስተላለፈው። ሐኪሙም ጉልበቱን አየ፣ ጆሮውን አየ፣ የደም ግፊቱን ለካ፤ ከዚያም ሚዛን ስለመጠበቅ የሚናገር ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተን። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ነገር ግን የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ አላውቀውም ነበር። የነርቭ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ አራት ወር አለፈ። በእነዚያ ወራት ሁለት ጊዜ ጣለው፤ አንደኛው ምድጃ አጠገብ ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም ክንዱ ላይ አለ።

ስለዚህ አዲስ ለመጣችሁ ወገኖቼ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፦ ስሙን ያዙ። እኛ የሚጥል በሽታ የምንለውን እዚህ «ኤፒሌፕሲ» (epilepsy) ይሉታል፤ በየጊዜው የሚነሣውን መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ደግሞ «ሲዠር» (seizure)። ሁለቱን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ስልካችሁ ላይ አስጽፏቸው። አስተርጓሚም ቢሳሳት ጽሑፉን ለሐኪሙ ማሳየት ትችላላችሁ።

የእኛ ስም ሌላም ጉድለት አለበት። «የሚጥል» ስላልነው የማይጥለውን አናየውም። ወሬ ጀምራ ለጥቂት ሰከንዶች ፍዝዝ ብላ የምትቀር፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወሬዋን የምትቀጥል ሕፃን አለች። ቆሞ ሳለ ከንፈሩን እየላሰ፣ ልብሱን እየነካካ ቢጠሩት የማይሰማ ሰው አለ። ይህም የዚሁ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከትምህርት ቤት «ልጅዎ በክፍል ውስጥ ትፈዝዛለች» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ልጅቷን ከመቆጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ምስል ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጣል፤ ስለዚህ የታማሚው ደኅንነት ከተጠበቀ በኋላ አንድ ሰው ይቅረጽ።

ስሙን ከያዛችሁ በኋላ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ በመጀመሪያ የምልካችሁ ወደ ኤፒሌፕሲ ፋውንዴሽን ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ድረ ገጹ ኤፒሌፕሲ ዶት ኮም ይባላል፤ በ1-800-332-1000 ቀንም ሌሊትም ይደወላል። ከሁሉ የጠቀመኝ ስለ መንጃ ፈቃድ የየግዛቱን ሕግ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ስንት ወር ሳይነዱ መቆየት እንደሚገባ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂንያ የገባ ሰው የዋሺንግተን ዘመዱን ምክር ይዞ መንዳት የለበትም። ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በመንዳት ስለሆነ ይህን ከሰው አፍ ሳይሆን ከምንጩ አንብቡ።

ሁለተኛው ሜድላይን ፕላስ የተባለው ድረ ገጽ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ስለሆነ ምንም ነገር አይሸጥላችሁም፤ ወደ አማርኛ የተተረጎሙ የጤና ጽሑፎችም ተሰብስበው ይገኙበታል። ከሲያትል የሚዘጋጀው ኤትኖሜድ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በአማርኛ ከሚያቀርባቸው ጽሑፎች በተጨማሪ ስለ ኢትዮጵያውያን ባህልና እምነት ለሐኪሞች ያስረዳል። መድኃኒት ተወስዶም ሕመሙ አልቆም ካለ የኤፒሌፕሲ ማዕከላት ብሔራዊ ማኅበር ያጸደቃቸውን ማዕከላት ዝርዝር ፈልጉና ሐኪማችሁ ወደዚያ እንዲልካችሁ ጠይቁ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ግን የሚያክማችሁ ሐኪም ነው፤ ከእርሱ ጋር የምትነጋገሩት ደግሞ በአስተርጓሚ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964 እ.ኤ.አ. የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ይህ መብታችሁ እንጂ ውለታ አይደለም። እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የ10 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ሕመም የሰማውን ከፍርሃቱ የተነሣ ያሳጥረዋል ወይም ይደብቀዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የበሽታውን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ ቪዲዮ ስትፈልጉ በሰባት ቀን የሚፈውስ ሥር አለን የሚሉ ይመጡላችኋል። የምትሰሙትን ሰው መዝኑት፦ ማን ነው? ምን ተምሯል? የተናገረው መቼ ነው? በመጨረሻ ገንዘብ ይጠይቃል? ክኒኑን ጣሉት የሚል ከሆነ ግን ሌላ ምዘና አያስፈልገውም፤ ወዲያውኑ ዝጉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል።

ስለ ጸበል የምናገረው በአክብሮት ነው፤ ወንድሜ ዛሬም ይጠመቃል። ነገር ግን ጸበልና ክኒን አይስማሙም የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። የተናገሩት ስለ ሌላ በሽታ ቢሆንም የንስሐ አባታችሁን ለመጠየቅ መነሻ ይሆናችኋል። በረመዳን የምትጾሙም የመድኃኒቱ ሰዓት እንዴት እንደሚስተካከል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ አዲስ መጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሌሊት ሥራ ነው። ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ይህንንም ለሐኪሙ አንሡ።

ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማስሸተት፣ ጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ እጅና እግር ጨብጦ መያዝ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። የታመኑት ምንጮች ሁሉ ይህን ተዉ ይላሉ። ሰዓት ተመልከቱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ፣ እርጉዝ ከሆነች ወይም ሕመሙ የመጀመሪያው ከሆነ 911 ደውሉ። አረፋው በሽታውን ወደ ማንም አያስተላልፍም፤ ሳትፈሩ ንኩት፣ አጠገቡ ሁኑ።

ክኒን ይዛችሁ ከመጣችሁ ማሸጊያውን አትጣሉ። በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል እዚህ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ የመጨረሻው ክኒን እስኪቀር ሳትጠብቁ ቀጠሮ ያዙ። ቫልፕሮኤት የምትወስዱ ሴቶች ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ግን በራሳችሁ አታቋርጡት።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ቤታችሁ ካለ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ንገሩት፦ በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሕመሙ ሳይነሣባቸው መኖር ይችላሉ። ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ሆኗል።

አገር ቤት የቀረ ታማሚ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ከሚገኘው ኬር ኤፒሌፕሲ ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር አገናኙት፤ በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳው ያገኛል። እዚያ ያለው ሐኪም ሳያውቅ ግን ከዚህ መድኃኒት ገዝታችሁ አትላኩለት። የላካችሁት ሲያልቅ መተኪያው በሰፈሩ መድኃኒት ቤት ላይገኝ ይችላል፤ በድንገት የተቋረጠ ክኒን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከላይ ተናግሬአለሁ።