በከባድ ብረት የተበከለ አፈርና አጋዥ ባክቴሪያ፦ ሰብሉ እንዲያድግ፣ ብረቱ ግን ወደ ምግቡ እንዳይገባ

ባክቴሪያ የነዳጅ ቅሪትን አፍርሶ ሊጨርሰው ይችላል፤ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ግን አይችልም፤ ንጥረ ነገር ስለሆኑ የሚፈርስ ነገር የላቸውም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ብረቱን አፈሩ ውስጥ አስሮ ማስቀረት፣ ወይም በተክል አስመጥጦ ማውጣት። ለአንዱ የሚበጀው ባክቴሪያ ሌላውን ሊያበላሽ ስለሚችል አስቀድማችሁ ወስኑ። የሚበላ ሰብል ከሆነ ማሰር ነው የሚያዋጣው።

ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳ.ሜ ጥልቀት አፈር ውሰዱና ቀላቅላችሁ ግማሽ ኪሎውን አስመርምሩ። ዚንክ የተቀባ አካፋ አትጠቀሙ፤ ውጤቱን ያዛባል። ከጠቅላላው መጠን ሌላ ተክሉ ሊወስደው የሚችለውን መጠንና ፒኤቹን (የአፈሩን አሲዳማነት መለኪያ) ጠይቁ። ካድሚየም፣ እርሳስና ዚንክ አሲዳማ አፈር ላይ ይሟሟሉ፤ ፒኤቹን በኖራ ወደ 6.5–7 ማምጣት ይይዛቸዋል። አርሴኒክና ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ኖራ ሊያስለቅቃቸው ይችላል። ኖራውን ከባክቴሪያው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፤ ትኩስ ኖራ ባክቴሪያውን ይገድላል። በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ የበሰለ ብስባሽም ጨምሩ። ምግብ በሌለበት አፈር ባክቴሪያ አይቆይም፤ ብስባሹም ራሱ ብረት ይይዛል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ምርጫ። በብረት የተጨነቀ ተክል ኤቲሊን የተባለ ሆርሞን ያበዛል፤ ሥሩም ይቀጭጫል። ኤሲሲ ዲአሚኔዝ የተባለ ኤንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የሲዶሞናስ ዝርያዎች፣ የኤቲሊኑን መነሻ ስለሚበሉ ሥሩ ይረዝማል። ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጠንካራ ስፖር (ድርቀትን የሚቋቋም የእንቅልፍ መልክ) ስለሚሠራ ማከማቻ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሲደሮፎር (ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ውህድ) አመንጪዎች ላይ ነው፦ ለተክሉ የሚያስፈልገውን አይረን (Fe) ያቀርባሉ፤ ግን ካድሚየምንም አሟሟተው ወደ ሥሩ ሊያደርሱት ይችላሉ። ፎስፌት የሚያሟሙት ባክቴሪያዎችም አሲድ ስለሚያወጡ እንደዚሁ ናቸው። ለምግብ ሰብል ዝልግልግ ልባስ የሚያመነጩትን አስቀድሙ፤ ልባሱ ብረቱን ከሥሩ ውጭ ይይዘዋል።

ለአንድ ኪሎ ዘር 10 ግራም የዱቄት ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያውን የያዘው ዱቄት) እና ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ የስኳር ውኃ ይበቃል። መጀመሪያ ዘሩን በስኳር ውኃው አርጥቡ፣ ከዚያ ዱቄቱን ነስንሱ፤ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ በዚያው ቀን ዝሩ። ለችግኝ የሚሆነው በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ያለው ውኃ ነው፤ በግራም አንድ ቢሊዮን ያለበት ዱቄት ከሆነ 100 ግራሙን በአንድ ሊትር በጥብጡ። ሥሩን 30 ደቂቃ ነክራችሁ ትከሉ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ በየችግኙ ሥር 50 ሚሊ ሊትር ድገሙ፤ ቁጥራቸው አፈር ውስጥ በፍጥነት ይቀንሳልና።

አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ከዝግጅቱ ነው። በክሎሪን የታከመ ውኃ ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። ፀረ ፈንገስ የተቀባ ዘር አትጠቀሙ፤ መዳብ ያለበት ርጭት ደግሞ ባክቴሪያውን ከመግደሉ ሌላ በብክለቱ ላይ ሌላ ብረት ይጨምራል። ጥራጥሬ ከዘራችሁ ሪዞቢየም (በጥራጥሬ ሥር እባጭ ሠርቶ ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ) በተለይ ለዚንክና ለካድሚየም ስስ መሆኑን አስቡ፦ አበባ ሲጀምር ሥሩን ነቅላችሁ እባጮቹን ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዙ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም።

ባክቴሪያው መሥራቱን ለማወቅ ከመደቦቹ አንዱን ያለ ባክቴሪያ፣ ሌላውን በግፊት ማብሰያ በተቀቀለና በሞተ ማዳበሪያ ሥሩ። ሕያው ያገኘው መደብ የሞተውን ካገኘው ካልበለጠ ለውጡ የመጣው ከማዳበሪያው ማቀፊያ ንጥረ ነገር እንጂ ከባክቴሪያው አይደለም።

የሰብሉ ማማር ግን አያዝናናችሁ፤ ያማረ ተክል የበለጠ ብረት ሊሸከም ይችላል። የሚበላውን ክፍል በደንብ አጥባችሁ አስመርምሩ። በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ) መሠረት ቅጠላ ቅጠል በእርጥብ ክብደት በኪሎ ከ0.2 ሚ.ግ ካድሚየምና ከ0.3 ሚ.ግ እርሳስ መብለጥ የለበትም። ካለፈ ያን ምርት አትብሉ፣ አትሽጡ፣ ለከብትም አትስጡ። ሰላጣና ስፒናች ካድሚየም አብዝተው ይሰበስባሉ፤ ፍሬያቸው የሚበላ እንደ ቲማቲም ያሉት በአብዛኛው ያነሰ ይይዛሉ። እነሱም ከገደባቸው ከበለጡ መሬቱን ለቃጫ ወይም ለአበባ አውሉት።