ፓይተንና ጃቫስክሪፕትን ባንዴ ለመማር፣ ሳይምታታባችሁ

ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ የሰፈሬ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ሁለት ኮርስ ከፍቶ ጎን ለጎን ሲያይ አገኘሁት፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት የሚባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ሁለቱንም ከዜሮ። ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኔም እንደዛ ብዬ ሶስት ወር ለፍቼ አንዱንም ሳልይዝ ቀርቻለሁ። ባንዴ መማሩ ይቻላል፣ ጣጣው ባንዴ መጀመሩ ነው።

መጀመሪያ አንዱን ምረጡና ቢያንስ ሁለት ወር እሱን ብቻ ያዙ። እዚህ ጎንደር የቆሎ ተማሪ ንባብ ሳይለይ ቅኔ ቤት ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሉፕ (ስራ የሚደጋግመው)፣ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ቁራጭ)፣ ሊስት (የነገሮች ዝርዝር) ከየትም ሳትገለብጡ መጻፍ ስትችሉ ያኔ ሁለተኛው ይምጣ። የቱን ላስቀድም ለምትሉ ዌብሳይት መስራት ካማራችሁ ጃቫስክሪፕት፣ ብሮውዘራችሁ ውስጥ ስላለ ምንም ዳውንሎድ አያስፈልግም፣ ዳታ ምናምን ከሆነ ሃሳባችሁ ደግሞ ፓይተን። (ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋና ጃቫስክሪፕት ዘመድ አይደሉም ደሞ፣ በ1995 ስሙን ያወጡለት የጃቫን ዝና ፈልገው ነው።)

ሁለተኛውን ስትጀምሩ አዲስ ኮርስ ከሀ ብላችሁ አትክፈቱ። በመጀመሪያው የሰራችሁትን ትንሽ ፕሮግራም በሁለተኛው ድጋሚ ጻፉት፣ በቃ። እኔ የተጠቀምኩት የናቴን እቁብ ነው፣ 12 ሰው፣ 500 ብር፣ ደራሹ ስንት ይሆናል የሚል። ፓይተን ላይ 500ን በኢንፑት (ሰው የሚጽፈውን በሚቀበለው ትእዛዝ) ተቀብዬ በ12 ሳባዛው 6000 ይላል ብዬ ስጠብቅ 500500500 እያለ አስራ ሁለት ጊዜ ደረደረልኝ! ለካ ኢንፑት የሚሰጠው ቁጥር ሳይሆን ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሁፍ ነው፣ ፓይተን ደግሞ ስትሪንግ በቁጥር ሲባዛ ይደጋግመዋል፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ። ያንኑ ጃቫስክሪፕት ላይ የኢንፑት አቻ በሆነው በፕሮምፕት ስሞክረው ምንም ሳይል 6000 አለ። ጎበዝ ነው ብዬ ቅጣት ላስከፍል በፕሮምፕት በተቀበልኩት 500 ላይ ሌላ 500 ልደምር ስል ግን 500500 አለኝ፣ ማባዛት ላይ ወደ ቁጥር ይቀይራል መደመር ላይ ግን ይቀጥላል። ፓይተን እሱን ብትሞክሩት ኤረር ሰጥቶ ያቆማችኋል። ከዚህች እቁብ የተማርኩትን ያህል ከሃያ ቪዲዮ አልተማርኩም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ደብተር ላይ ገጹን ለሁለት ከፍላችሁ ግራና ቀኝ ጻፉት። የኔ ላይ ያሉት፦ ለ«ካልሆነ ደግሞ ይህ ከሆነ» ፓይተን ኤልኢፍ ሲል ጃቫስክሪፕት ኤልስ ኢፍ ይላል፣ ፓይተን ትሩን (እውነት የሚለውን) በካፒታል ይጀምራል ያኛው በስሞል። ኢንዴክስ (የሊስቱ ተራ ቁጥር) ላይ ኔጌቲቭ 1 ብትሉ ፓይተን የሊስቱን መጨረሻ ያመጣል፣ ጃቫስክሪፕት አንዲፋይንድ (ምንም የለም) ይላችኋል። ባዶ ሊስት ኢፍ ውስጥ ሲገባ ፓይተን እንደ ፎልስ (ሐሰት) ያየዋል፣ ጃቫስክሪፕት እንደ ትሩ፣ ይቺ አንድ ሌሊት ሙሉ አስለቅሳኛለች።

ሌላው፣ ባንድ ቀን ሁለቱን አትንኩ፣ ቢያንስ መጀመሪያ አካባቢ። እኔ ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ አንዱን፣ ሐሙስና አርብ ሌላውን ነበር፣ ኮድ የምጽፍበትን ኤዲተርም ቀለሙን ቀየርኩት፣ ጥቁሩ ፓይተን ነጩ ጃቫስክሪፕት፣ ሞኝነት ይመስላል ግን ስከፍተው ጭንቅላቴ ራሱ ይቀየር ነበር። መብራት ሲጠፋ (መቼም ይጠፋል) ኮዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስመር በመስመር ቫሪያብሉ (ዋጋ የሚይዘው ስም) ስንት እንደደረሰ እየተከተላችሁ አስሉ፣ ሲመጣ ራን አድርጋችሁ መልሱን አስተያዩት።

ጃቫስክሪፕት እየጻፋችሁ ከኢፉ በኋላ በቅንፍ ፋንታ ኮለን አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ መጻፍ ከጀመራችሁ ደክሟችኋል ማለት ነው፣ ዝጉትና ወጣ ብላችሁ ሻይ ጠጡ።